ሰባት ዓመት በአንድ ደሞዝ

ደሴ ሆጤ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሆኜ የተቀጠርኩት ገና ጢም ሳላበቅል ነው። አሠሪዬ ዓይናቸው እየደከመ የመጣ ደግ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸው ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ፣ እኔ በመኪና እሰፋለሁ። ሰባት ዓመት አብረን ሠራን። በዚህ መሃል ሚስት አገባሁ፣ ሁለት ልጅ ወለድኩ፤ ጣልያን ገባ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ተሠራ፣ የጨውም የጤፍም ዋጋ ወጣ። ደሞዜ ብቻ እንደ ጦሳ ተራራ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም።

ጭማሪ በጠየቅኩ ቁጥር አሠሪዬ ሁለት እጃቸውን ይዘረጋሉ። «አላህ እጅህን ይባርከው! ዕድሜ ይስጥህ! አብሽር፣ ሁሉም ይደርሳል።»

ከልባቸው ስለሚመርቁኝ «አሜን» ብዬ ወደ መኪናዬ እመለሳለሁ። ቤት ስገባ ሚስቴ፣ «ዛሬስ ስንት ቁና ምርቃት ይዘህ መጣህ?» ትለኛለች።

አንድ ቀን ኮምቦልቻ ሱቅ የከፈተ ሰው እጥፍ ልክፈልህ ብሎ ላከብኝ። ለአሠሪዬ ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«አባባ፣ ልሄድ ነው። ልጆቼ በምርቃት አልጠግብ አሉ።»

መቀሳቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉና፣ «ሂድ ልጄ፣ መርቄሃለሁ» አሉኝ። አሁንም ምርቃት! ሳቄም ዕንባዬም እኩል መጣ።

የኮምቦልቻው ሥራ የጭነት መኪና ሸራ መስፋት ሆኖ አረፈው። ገንዘቡ እውነትም እጥፍ ነው። ግን ሸራ ለብሶ መስታወት ፊት የሚሽከረከር፣ «አማረብኝ?» የሚል ሰው የለም። በዚያ ላይ ሙቀቱ!

በሦስተኛው ሳምንት የኩታበሩ ሼህ፣ የድሮ ደንበኛችን፣ አዲስ ኮት ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። አቋቋማቸው ግን እንግዳ ሆነብኝ። አሠሪዬ ብቻቸውን ሲሰፉ የቀኙን እጅጌ በግራ፣ የግራውን በቀኝ ገጥመውታል።

«እየው ልጄ፣» አሉ ሼሁ፣ «ዱዓ ላደርግ እጄን ስዘረጋ ኮቱ ወደ ኋላ ይጎትተኛል! ተነስ፣ ከሰውዬው ጋር ላስማማህ።»

በጭነት መኪና ተሳፍረን ደሴ ወጣን። አሠሪዬ ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። እኔ ኮቱን ተቀብዬ እጅጌውን መተርተር ስጀምር ሼሁ ሽምግልናቸውን ጀመሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ መሬት እንኳ በእኩል ይታረሳል። መሬቱ ያንተ ነው እንበል፣ በሬው የሱ። ከስፌቱ የሚገኘውን ገንዘብ እኩል ብትካፈሉ ምን አለበት?»

«ወላሂ፣ ይህን ማንም አልነገረኝም!» አሉ አሠሪዬ። «ደሞዝ ጨምሬ ሥራ የጠፋ ወር ከየት አመጣለሁ ብዬ ፈርቼ እኮ ነው።»

አፈርኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስስት ነበር የመሰለኝ።

የዚያኑ ዕለት ተስማማን። ሼሁም የተስተካከለ ኮታቸውን ለብሰው፣ ክንዳቸውን አጥፈው ዘርግተው ፈትሸው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝ ሁለታችንም ቆሎ እየቆረጠምን ዝናቡን እናያለን፤ በዓል ሲቃረብ ደግሞ ሱቁ ውስጥ መቆሚያ ይጠፋል። ሚስቴ ከመጀመሪያው ዓመት ድርሻዬ ላም ገዛች። ወተቱን መሸጥ በጀመረች በጥቂት ወር ገቢዋ ከእኔ በለጠ፤ እኔም አልተቀየምኩም።