በሁለት ፉርጎ መካከል

አባቴ ወጣትነቱን ያሳለፈው ከለገሃር እስከ አቃቂ በሚመላለሱት የዕቃ ባቡሮች ላይ ነው፤ ሥራው ፉርጎ ማያያዝ ነበር። ከጅቡቲ የሚመጣው ብረትና ጨው በየፋብሪካው ደጃፍ ይራገፋል፣ ባዶው ፉርጎ ይመለሳል። በኋላ የጭነት መኪና በዛ፤ የዕቃው ባቡር እየሳሳ ሄዶ ቀረ። አባቴም እናቴን ተከትሎ ነቀምት ገባ።

ስለ ሥራው ከዚህ አልፎ አይናገርም። ልጆች ሳለን ግን በሁለት አልጋ መካከል ቆመን ካየን ይጮህብን ነበር። ምክንያቱን አናውቅም።

ካረጀ በኋላ አንድ የገበያ ቀን ከነቀምት አብረን ሲሬ ሄድን። መንገዱ ዳር ሁለት የጭነት መኪኖች ተጠጋግተው ቆመዋል። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ፀሐይ ሸሽታ መካከላቸው ተቀምጣለች። አባቴ በድንገት ሮጠ።

«ባኢ፣ ሃዳ ኮ! ውጪ እናቴ! ከዚያ ውጪ!»

ክንዷን ይዞ ጎተታት። ሽንኩርቱ ተበተነ።

«ማል ታታኒ? ምን ሆኑ አባ? ሞተሩ እንኳ አልተነሳም!» አለች ተቆጥታ።

እውነቷን ነው፤ ሾፌሮቹ ማዶ ምሳ ላይ ነበሩ። ሰው ሳቀ። አባቴ ቁጢጥ ብሎ ሽንኩርቱን ይለቅም ጀመር።

ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ቃሊቲ ላይ ጓደኛው ፉርጎ ሊያያይዝ መካከል ገብቶ ሳለ፣ ባቡሩ ያለ ምልክት ወደ ኋላ መጥቶ በሁለቱ ፉርጎ መካከል አጣበቀው።

«በስሜ ጠራኝ» አለ። «ውሃ አቀብለኝ እንደሚል ሰው፣ በደህና ድምፅ። ደሙን አፍነው የያዙት ፉርጎዎቹ ናቸው፤ ሲላቀቁ እንደሚሞት ሁለታችንም እናውቃለን። እጁን ይዤው ቆየሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አላቀቁት። ድምፁ ግን አልሄደም። ዛሬም ሲሬ ላይ ጠርቶኛል።»

ክረምቱ ሲወጣ ቃሊቲ ወሰድኩት። የሐዲዱን ከፊል አፈር ውጦታል፣ ከፊሉ ላይ ቤት ተሠርቷል፤ በቤቶቹ መካከል ልጆች ኳስ ያባርራሉ። አባቴ ወዲያና ወዲህ ብሎ ቦታውን አጣው። ልብስ የምታሰጣ ሴት አየችው።

«ምን ጠፋብዎት አባቴ?»

«ሰው» አላት።

በርጩማ አወጣችለት። እሷ ልብሷን አስጥታ እስክትጨርስ መሬቱን ሲያይ ቆየና አመስግኗት ተነሳ።

«ልጆች ይጫወቱበታል» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት፣ መለየት አልቻልኩም።