ለሰርቨሩ ወይስ ለጸሐፊዋ

ያን ጊዜ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወረድ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶኮፒ ማሽንና አንድ ፕሪንተር ይዤ፣ ማመልከቻውንም ውሉንም የተማሪ መመረቂያውንም፣ ብቻ ሰው በወረቀት የሚፈልገውን ሁሉ እጽፋለሁ። ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። መተየብ የተማርኩት በቀድሞ አሠሪዬ ታይፕራይተር፣ እሷ ምሳ ስትወጣ ተደብቄ ነው። ይኼን የማወራው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ልኮራባችሁ ነው።

ሦስቱም ኮምፒውተሮቼ በሊኑክስ ነበር የሚሠሩት። በነጻ የሚገኝ፣ ውስጡ ለማንም ክፍት የሆነ፣ የቻለ ሁሉ አሻሽሎ ለሌላው የሚያካፍለው ሲስተም ነው። ታናሽ ወንድሜና አምስት ጓደኞቹ ከዚያ ላይ ተነሥተው የራሳቸውን አማርኛ የሚችል ስሪት አዘጋጅተው ነበር፤ ደመወዝ የለው፣ አለቃ የለው፣ በትርፍ ሰዓታቸው። እኔ ጋ የጫነውም ወንድሜ ነው። ምክንያቱ ቫይረስ ነበር። በእኔ ሥራ ደንበኛ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤ ያ ፍላሽ ደግሞ ከስድስት ኪሎ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ያለውን ጽሕፈት ቤት ሁሉ ዞሮ ነው እኔ ጋ የሚደርሰው። በድሮው ሲስተም ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ኮምፒውተር ይወድቅብኝ ነበር። አንድ ቀን የአንዲት ተማሪ የዓመት ድካም እኔው እጅ ላይ ጠፋ። ልጅቷ ፎቶኮፒ ማሽኑ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አይቼ ወንድሜን «ያንተን ነገር ጫንልኝ» አልኩት።

ጭኖልኝ ሄደ። የቀረውን ራሴ ተማርኩት፤ የእንግሊዝኛውን ትእዛዝ በአማርኛ ፊደል ደብተር ላይ እየጻፍኩ፣ ሲበላሽ እያፈረስኩ፣ ሲብስብኝ እያለቀስኩ። ዓመት ሳይሞላ ሌላ ቦታ «ባዶ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» የተባለ ፍላሽ እኔ ጋ እየመጣ መከፈት ጀመረ። ቫይረሱ ፎልደሮቹን ደበቃቸው እንጂ አላጠፋቸውም፤ የእኔ ኮምፒውተር ደግሞ የተደበቀውን ያያል። ሰፈሩ «ሐኪሟ» ይለኝ ጀመር። ዙሪያችን ለልማት ፈርሶ ጎረቤቱ ሲበተን እንኳ ሁለት ታክሲ ይዘው መጥተው የሚያጽፉ ነበሩ።

እንዲህ ባለሁበት ነው ወንድሜ አንድ እሑድ ምሳ ላይ ጉሮሮውን የጠራረገው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ ግን አትቆጪ።»

«ሚስት አገኘህ?»

«አቦ ሙድ አትያዢብኝ! የዴስክቶፑን ሥራ ልንተወው ነው። ከእንግዲህ ሰርቨር ላይ ብቻ ነው የምናተኩረው።»

ሰርቨር የሚለው በእሱ መሥሪያ ቤት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ሌሎቹን ኮምፒውተሮች የሚያገለግለውን ማሽን ነው። ዴስክቶፕ ደግሞ የእኔ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለው።

«አንድ ሰርቨር ሺህ ሰው ያገለግላል፤ ዴስክቶፕ አንድ ሰው» አለኝ። «ስድስት ሰዎች ነን፤ ጊዜያችንን የት እናውል? እውነቱን ልንገርሽ፣ የእኛን ስሪት ጠረጴዛው ላይ የሚጠቀም ካንቺ ሌላ ማን አለ?»

«የእኔ አንዱ ኮምፒውተር በቀን የስንት ሰው ጉዳይ እንደሚወጣበት እስቲ ቁጠር! የእነዚያ ሰዎች ቤት ኮምፒውተር የለም። የእነሱ ኮምፒውተር እኔ ጋ ያለው ነው።»

አላመነኝም። የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩት። እነሱ ከተዉት፣ ችግር ሲመጣ የሚያስተካክል የለም፤ አዲስ ፕሪንተር ብገዛ ኮምፒውተሩ አያውቀውም፤ ዓመት ሁለት ዓመት ቢቆይ ነው። ከዚያ ተመልሼ ቫይረሱ ውስጥ ልገባ፣ የተማርኩትም ሁሉ ከንቱ ሊቀር።

«የምትወስኑት መቼ ነው?»

«ቅዳሜ፣ ካፌ ተገናኝተን።»

«እኔ ጋ አድርጉት። ማኪያቶውን እኔ አስመጣለሁ።»

ቅዳሜ ስድስቱም መጡ። ቦታ ስላልበቃ ሁለቱ ፎቶኮፒ ማሽኑን ተደግፈው ቆሙ። ወሬው ገና ሲጀመር አንድ የቆዩ ደንበኛዬ ገቡ፤ ድልድዩ አጠገብ ጨርቅ ይሸጡ የነበሩ ወሎዬ ሽማግሌ። አዲሱ ቤታቸው ውኃ ቆጣሪ ስላልገባለት ማመልከቻ ሊያጽፉ ነው። በእኛ ሥራ ደንበኛ ወረቀት ሰጥቶ አይሄድም። በርጩማ ስቦ ጸሐፊዋ አጠገብ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ በቃሉ ያስጽፋል። ሲጻፍ ካላየ የተጻፈለት አይመስለውም።

ከወንበሬ ተነሣሁ። «አባባ፣ ዛሬ ወንድሜ ይጻፍልዎት።»

«እኔ?» አለ ወንድሜ።

«ሲስተሙ ያንተ አይደል እንዴ?»

ጓደኞቹ ሳቁ። እሱ ተቀመጠ።

«በል ልጄ፣ ‹ለሚመለከተው ሁሉ› ብለህ ጀምር» አሉት ሽማግሌው።

ወንድሜ የእንግሊዝኛውን ትእዛዝ ሲጽፍ ጣቶቹ እንደ ዝናብ ናቸው። አማርኛ ላይ ግን አንዷን ፊደል ፍለጋ ኪቦርዱን ዳር እስከ ዳር ዞረ።

«ልጄ፣ ጣትህን ያምሃል እንዴ?»

«አይ አባባ፣ ደህና ነኝ።»

«አይዞህ፣ ቀስ በል። ውኃው እንደሁ እስካሁንም አልመጣ።»

ከጓደኞቹ አንዱ በሳቅ ማኪያቶው ትን አለው። እንደምንም ተጽፎ አለቀና ወንድሜ እንዲታተም አዘዘ። ወረቀቱ ወጣ። የቀኑ ቁጥር በቦታው አለ፤ ሌላው በሙሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ባዶ ሳጥን በባዶ ሳጥን። ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ገለበጡት።

«እኔ ቆጣሪ ነው የጠየቅኩ፤ ይህ ሁሉ ሳጥን ምን ይሠራልኛል?»

«ፕሪንተሩ ነው» አለ ወንድሜ።

«ፕሪንተሩ አይደለም» አልኩት። «ይኼን ችግር ከነፎቶው ሁለት ጊዜ ልኬላችኋለሁ። ምን ብላችሁ መለሳችሁልኝ?»

ከመካከላቸው ያለችው አንዷ ሴት ላፕቶፕዋን ከፍታ ፈለገችና ጮክ ብላ አነበበችው። «‹እኛ ጋ ይሠራል። ጉዳዩ ተዘግቷል።›» ከሥሩ የመለሰውን ሰው ስም አየች፤ ከዚያ ወንድሜን አየችው። አንገቱን ደፋ።

«ቆይ ቆይ» አለች ልጅቷ፣ «ከእኛ ውስጥ በዚህ ሲስተም አንድ ገጽ አማርኛ ጽፎ ያተመ ማን ነው? እኔ እንኳ አትሜ አላውቅም።»

ከስድስቱ አንድም አልተገኘ። አማርኛ ይችላል ብለው የሠሩት ሲስተም ነው! እነሱ ሥራቸው በእንግሊዝኛ፤ የአማርኛ ደብዳቤ ሲመጣባቸው ደግሞ ለመሥሪያ ቤታቸው ጸሐፊ ሰጥተው ያስጽፋሉ። ጸሐፊዋ ደግሞ የምትሠራው በሌላ ሲስተም ነው። እንዴት ብለው ይወቁት?

ወንድሜን አስነሥቼ ተቀመጥኩ። በራሴ ያገኘሁት ዘዴ ነበረኝ፤ ገጹን መጀመሪያ ወደ ሥዕል ለውጬ ነው የማትመው። ደቂቃ አልፈጀብኝም። ፊደሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ማሻአላህ!» አሉ ሽማግሌው፤ ወረቀቱን ለስድስቱም አዞሩላቸው። «ይህ ሁሉ ጎበዝ ላፕቶፕ ታቅፎ ተቀምጦ፣ ሊቋ አንቺ ነሽ ለካ!»

 ከደስታዬ ብዛት የማደርገው ጠፍቶኝ፣ ንጹሑን ፎቶኮፒ ማሽን ደግሜ ወለወልኩት።

ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ ነው የተናገርኩት። «ሰርቨሩን ተዉ አልላችሁም፤ ብዙ ሰው እንደሚያገለግል አምናለሁ። ግን ሰው አጠገቡ በርጩማ ስቦ የማይቀመጥበትን ማሽን ብቻ ከሠራችሁ፣ ስሕተታችሁን ማን ይነግራችኋል?»

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ አምስቱ ወደ ሰርቨሩ እንዲሄዱ፣ ዴስክቶፑ ግን ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ ሰው ከተገኘ እንዲቀጥል ተስማሙ። ያን ቀን «እኔ ልውሰደው» ያለ አልነበረም። ማኪያቷቸውን ጨርሰው ተበተኑ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወንድሜ መጣ። ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ እስከ ምሳ ድረስ የደንበኛ ማመልከቻ ጻፈ። በማግስቱ ለጓደኞቹ ዴስክቶፑን እሱ እንደሚይዘው ነገራቸው። መሥሪያ ቤቱ ቅዳሜ ተረኛ ሊያደርገው ሲልም በሌላ ቀን አስለወጠ። አምስተኛው ቅዳሜ ላይ የአንዲት ሴት የኪራይ ውል ያለ እኔ ዘዴ በቀጥታ፣ ፊደሉ ሳይጠፋ ታተመ። ወረቀቱን አንዴ አየው፣ ለሴትዮዋ ሰጣትና ተራ የሚጠብቀውን ሰው ጠራ።