አሥራ አንድ ፍሬ ኮሽም

ከዘመሮ ወጣ ብሎ ያለውን ቤቴን የሚጠይቅ እንግዳ «ዛፍ ባና የምታለብሰዋ መምህርት ናት?» ተብሎ ነው የሚመራው። ድሮ ለስድብ ይሉት ነበር፤ ዛሬ ለምልክት ይሉታል። ሲሉኝ ደስ ይለኛል፣ አልደብቅም።

ዛፉ ኮሽም ነው። ኮሽም እርጥብና ጥቅጥቅ ያለ ደን የሚወድ፣ እሾሁ ክፉ፣ ፍሬው ሲበስል ወርቃማ ሆኖ ፊት የሚያጨማድድ ኮምጣጣ ዛፍ ነው። በእኛ አካባቢ ደኑ ሁሉ ታርሶ፣ ያልታረሰውም ባሕር ዛፍ ተተክሎበት፣ ኮሽም የቀረው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ብቻ ነበር። ከዚያ ግቢ ደግሞ እንጨት ቀርቶ ቅጠል አይወጣም፤ የታቦት ነው። እኔ ግን ጓሮዬ ከባሕር ዛፍ ሌላ ነገር እንዲበቅልበት ፈለግሁ። ደብሩን የሚያስተዳድሩትን ቄሰ ገበዝ አንድ ችግኝ ለመንኳቸው።

ጢማቸውን ዳበስ አድርገው «አንድ ብቻ። እሱም በስለት» አሉኝ። «የመጀመሪያ ፍሬው በኩራት ሆኖ ለታቦቱ ይገባል።»

እሺ ብዬ ሰው ፊት ተሳልሁ። ሌላው ጃንጥላ ወይም ምንጣፍ ይሳላል፤ እኔ ገና ያልተፈጠረ ፍሬ ተሳልሁ።

የመጀመሪያው ጠላቴ ውርጭ ነበር። ጥቅምት ሲገባ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠወለገ። የእናቴን የበግ ፀጉር ባና ከሣጥን አውጥቼ አለበስሁት። መንደሩ ሳቀ። «ሰው በብርድ ሲንቀጠቀጥ እሷ ዛፍ ታለብሳለች» ተባለ። ይባል። ኮሽሜ ጸደቀ፣ በቁመት በለጠኝ፣ በአምስተኛው ዓመትም አበበ። ያን ቀን ክፍል ገብቼ ሳስተምር ልቤ ጓሮዬ ነበር።

አበባው ረገፈ፤ ፍሬ የለም። በሚቀጥለው ዓመትም አበበና ረገፈ። በሦስተኛውም እንዲሁ። ያኔ ወሬው ተለወጠ። ከታቦት ግቢ የወጣ ነገር የት ያፈራል፣ እሷም ስለቷን በላች አሉ። በባናው ቢስቁብኝ እችላለሁ፤ ቃሏን በላች መባል ግን አመመኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ አፌን ያዝሁ። የደብሩ ንግሥ በመጣ ቁጥር ስለት ያስገቡ ሰዎች ስም ሲነበብ፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ ከሰው ኋላ እቆም ነበር።

ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን በበግ እርባታ ያሳለፉ አሮጊት ናቸው። አንድ ጠዋት አጥሩ ላይ ተደግፈው አበባውን ሲያዩ ቆዩና፦

«ልጄ፣ ይኼ አውራ ነው» አሉኝ።

«ምን ማለትዎ ነው፣ እማማ?»

«ወንድ ነዋ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢም እኮ ግማሹ ያፈራል፣ ግማሹ አበባ ብቻ ነው። በልጅነታችን የትኛው ሥር እንደምንለቅም እናውቅ ነበር። አንቺ አውራ በግ ብቻውን አስረሽ ግልገል ትጠብቂያለሽ።»

እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማርሁት ሳይንስ ነው። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ አበባ እየሣልሁ ወንዴውን በቢጫ ጠመኔ፣ ሴቴውን በቀይ አሳያለሁ። ወንዴና ሴቴ አበባቸው በተለያየ ዛፍ ላይ የሚወጣ ተክሎች እንዳሉ ፈተና አውጥቼ፣ የሳተውን ሁሉ ኤክስ አድርጌበታለሁ። ከገዛ ጓሮዬ ግን አንዲት አበባ ቀጥፌ አይቼ አላውቅም። ያን ጠዋት ቀጠፍሁ፤ ሌላም ጨመርሁ። ሁሉም ወንዴ ነበሩ። ሳቅና ንዴት እኩል መጡብኝ።

ሴቷን ለማግኘት ወደ ቄሰ ገበዙ መመለስ ነበረብኝ። የመጀመሪያውን ስለት ሳላገባ ሁለተኛ ዛፍ ልለምን! ሦስት ጊዜ ከበሩ ተመልሻለሁ፤ በአራተኛው ገባሁ። እሳቸውም እንደፈራሁት «የፊቱን ሳታመጪ?» አሉኝ። እማማ ያሉኝን ነገርኋቸው። ሳቃቸው መጣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ስስት ይዞኝ አንድ ብቻ አልሁሽ። ለአዳም ሔዋን እንዳስፈለገችው ስሰብክ ኖሬ፣ ለኮሽሙ ረሳሁት።»

ችግኝ ወንድ ይሁን ሴት እስኪያብብ አይታወቅም። ስለዚህ ከምታፈራዋ ዛፍ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርገን፣ ከእናቱ ሳንለየው መሬት ላይ አስተኝተን አፈር አለበስነው፤ እንዳይነሣም ድንጋይ ጫንንበት። ክረምቱ አልፎ ሥር ሲያወጣ ቆርጬ ጓሮዬ ተከልሁት። በጥቅምት ባናውን ለሁለት ቀደድሁት።

ሴቷ አብባ ያፈራችው በሦስተኛው ዓመት ነው። አብዛኛውን ወፍ በላው፤ የተረፈው አሥራ አንድ ፍሬ ነበር። ንግሡ ሲደርስ በትንሽ መሶብ ይዤ ሄድሁ። ስለት የሚያነበው ዲያቆን ጃንጥላውን፣ ምንጣፉን፣ መጋረጃውን ካነበበ በኋላ ትንሽ ቆም አለና፣ «አሥራ አንድ ፍሬ ኮሽም» አለ። ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። እኔ ነጠላዬን ከዓይኔ ላይ አንሥቼ ከፊት ቆሜ ነበር። እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አንዱን ፍሬ ገመጡ። ፊታቸው ተጨማደደ።

«ልክ እንደ ተካይዋ ኮምጣጣ» አሉ። «አንቺስ ቀመስሽ?»

«አልቀመስሁም። በኩራት አይደለም እንዴ?»

አንዱን አንሥተው «የደከመ ይቅመስ» ብለው እጄ ላይ አኖሩልኝ። ገመጥሁት። ዓይኔ በእንባ ሞላ። እማማ ከጎኔ ሆነው «አለቀስሽ እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ኮምጣጣነቱ ነው» አልኋቸው። ስለቴን ባገባሁበት ግቢ፣ በዚያችው ሰዓት ዋሸሁ።