ለሩጫም ለጥንቸልም የምትሆን ውሻ

ባሌ ጥንቸል አዳኝ የሆነው በስተርጅና ነው። ዳውንታውን አንድ ሆቴል ውስጥ ሜንተናንስ ይሠራል። አብሮት የሚሠራ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ደግሞ ደቡብ ሜሪላንድ ውስጥ ከአያቱ የወረሰው እርሻ አለው። አንድ ቅዳሜ «ና እስቲ አየር ተቀበል» ብሎ ይዞት ሄደ። ሲመለስ ሱሪው በእሾህ ተቦጫጭቋል፣ ፊቱ ግን በርቷል። እንደዚያ ሆኖ ካየሁት ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር። የሚያወራው ስለ ሰውየው ውሻ ብቻ ነው። ቀጭን፣ ሆዷ ወደ ውስጥ የገባ፣ ዊፔት ከሚባለው የሩጫ ዘር የተዳቀለች ናት አለኝ።

«ጥንቸሉ ብድግ ሲል አየሁ። ውሻዋን ግን ስትነሳ አላየኋትም፤ አጠገቤ ነበረች፣ ከዚያ የለችም።»

«እኛ ጥንቸል አንበላም፣ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«ማን ብዪ አለሽ? ለሰውየው እተውለታለሁ። እኔ የምፈልገው ሩጫውን ማየት ነው።»

በዚያው ሰሞን ልጄም የውሻ እሽቅድምድም ጀምራ ነበር። አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ አፓርትመንት ተከራይታ ትኖራለች። ፋርማሲ መማር ጀምራ፣ መሃል ላይ ትታው የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ተቀጠረች። ያን ጊዜ አባቷ «ውሻ ልታጥቢ ነው እዚህ ድረስ አምጥተን ያሳደግንሽ?» አላት። እሷም ጋራዥ በር ላይ ቆማ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር መለሰችለት። ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ ሁለቱም አይነግሩኝም። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ። እሷ «አባቴ መድኃኒቱን ይወስዳል?» ትለኛለች። እሱ «ልጅሽ የመኪናዋን ጎማ ቀይራለች ወይ?» ይለኛል። ልጅሽ! የእሱ ልጅ መሆኗ የቀረ ይመስል።

ሁለቱም ውሻ እንደሚፈልጉ ሳውቅ ደስ አለኝ። አንድ ውሻ ብናሳድግ፣ እሷም ብታሽቀዳድማት፣ እሱም ቢያድንባት፣ በዚያ ሰበብ ይገናኛሉ ብዬ አሰብኩ። ለልጄ ስነግራት ሳቀች።

«አንድ ውሻ ለሁለቱም? ማሚ፣ ኢት ዳዝንት ወርክ ላይክ ዛት።»

ግን አስረዳችኝ። ዊፔት ከግሬይሃውንድ ጋር ከተዳቀለ እግሩ ይረዝማል፣ ሜዳ ላይ የሚቀድመው የለም፤ ቆዳው ግን ስስ ስለሆነ ጥንቸል የሚደበቅበት እሾህ ውስጥ ከገባ ይቀደዳል። ከቴሪየር ጋር ከተዳቀለ ደግሞ ፀጉሩ ሻካራ፣ ቆዳው ወፍራም፣ ልቡም ደፋር ይሆናል፤ እሽቅድምድም ላይ ግን ይቀደማል። ለሁለቱም የሚሆን ይገኛል ይባላል፣ የሚያገኘው ጥቂት ሰው ነው አለችኝ። ለማንኛውም እሺ አለች። አባቷም እሺ አለ።

የሄድነው ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ድቅል ውሻ ወደምታራባ አንዲት ሴት ቤት ነው፣ በእድሜ እናቴ የምትሆን። ጋጣ ውስጥ ከሁለት እናቶች የተወለዱ ቡችሎች ነበሯት። አንደኛው ወገን የግሬይሃውንድ ድቅል ነው፣ ሌላው የቴሪየር። ባሌ ገና ከመግባቱ ፀጉራቸው የተንጨባረረው ቴሪየሮቹ ጋ ተንበረከከ። ልጄ እግረ ረጃጅሞቹ ጋ ሄዳ ቁጢጥ አለች። ጀርባ ለጀርባ ሆኑ።

«ንገሪያት፣» አለ እሱ ሳይዞር፣ «የዚያ ዓይነቱን ይዤ እሾህ ውስጥ አልገባም።»

«ቴል ሂም፣» አለች እሷ፣ «እነዚያ ለውድድር አይሆኑም።»

ሴትዮዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ታያለች። በመጨረሻ ሁለቱም፣ እንደተማከረ ሰው፣ «እሺ አንቺ ምረጪ» አሉኝ።

እኔ የትምህርት ቤት አውቶብስ ሾፌር ነኝ። ስለ ውሻ የማውቀው ነገር የለም። ልጅ ሆኜ ቤታችን የነበረው ውሻ በር ላይ ታስሮ የሚውል ነበር፤ ነክቼው አላውቅም። የቡችሎቹን እግር አየሁ፣ ጆሮ አየሁ፣ ምን እንደምፈልግ ግን አላወቅሁም። ያን ጊዜ ከቴሪየሮቹ መሃል አንዲት ፀጉሯ ልስልስ ያለ፣ እግሯ ከእህቶቿ የረዘመ፣ ዳለቻ ቡችላ መጥታ ጫማዬ ላይ ተቀመጠች። ይቺ ከሁለቱም ወገን አላት፣ ሁለቱም አይቀየሙም ብዬ «ይቺ» አልኩ።

ሴትዮዋ አጎንብሳ አየቻት። ከዚያ ቡችላዋን አንስታ የአንገቷን ቆዳ በጣቷ እየሳበች ለልጄ አንድ ነገር ነገረቻት።

«ምን አለች?»

«ሲዳቀሉ እኩል እኩል አይወጣም ነው የምትለው። ይቺ የዊፔት እናቷን ስስ ቆዳ፣ የቴሪየር አባቷን ደፋር ልብ ወስዳ ይሆናል፤ ወይ ደግሞ ሁሉንም ጥሩ ጥሩውን። ካላደገች አይታወቅም።»

«ታዲያ ይቅር?»

«አይታወቅም ነው ያለችው፣ ማሚ።»

ወሰድናት። ስሟ ላይ እንኳ አልተስማሙም። ልጄ የእንግሊዝኛ ስም አወጣችላት፣ ባሌ የአማርኛ፤ ውሻዋ ለሁለቱም ጆሮ አልሰጠችም። እኔ «አንቺ» ስላት ትመጣ ነበር። ሰኞ ለሰኞ እኛ ጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ትመጣለች፣ ሐሙስ ወደ ልጄ ትመለሳለች። የማመላልሳት እኔ ነኝ። ሴቨን ኮርነርስ ለገበያ ስሄድ፣ ከልጄ ጋር እዚያው ፓርኪንግ ሎት ውስጥ እየተቀጣጠርን፣ ውሻዋ እንደ ተፋቱ ሰዎች ልጅ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ትዘላለች። የንስሐ አባታችን ጸበል ሊረጩ ሲመጡ ጓሮ አስወጣታለሁ። እሳቸውም በመስኮት አይተዋት «ይቺ ፍጡር እህል አትቀምስም እንዴ?» ብለው አዘኑላት። ክሳቷ የዘሯ ነው ብዬ ባስረዳቸውም አላመኑኝም።

በመጀመሪያው ውድድር ቀን ባሌ እኔን ሊያደርስ መጣ። ሜዳው ላይ ነጭ የፕላስቲክ ከረጢት በገመድ ታስሮ በሞተር ይሳባል፤ ውሾቹ ያንን ያባርራሉ። በሩ ሲከፈት ወደኋላ ቀረች፣ ከዚያ አንድ በአንድ እያለፈቻቸው ሁለተኛ ወጣች። ልጄ አለቀሰች። ባሌ መኪናውን ተደግፎ፣ እሷ በምትሰማበት ቦታ ቆሞ፣ «ለልጅሽ ንገሪያት፣ አነሳሷ ላይ ትዘገያለች» አለኝ።

ልጄ ውሻዋን እያቀፈች «አውቃለሁ በይው» አለች።

እኔ ግን በልቤ፣ ዛሬ አንድ ሜዳ ላይ ቆመዋል፣ ይሄም ነገር ነው አልኩ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሦስታችንም እርሻው ሄድን። ልጄ የመጣችው ለውሻዋ ስለሰጋች ነው። ብርዱ ፊት ይልጣል። ሽማግሌው በዱላው ቁጥቋጦውን መታ መታ ሲያደርግ አንድ ጥንቸል ፈትለክ ብሎ ወጣ። ባሌ ሊሹን፣ የአንገቷን ማሰሪያ፣ ለቀቀ።

ያን ጊዜ ባሌ ስለምን እንደሚያወራ ገባኝ። መሬቱን የነካችው አይመስልም። ጥንቸሉ ሲታጠፍ ትታጠፋለች፣ ሲዞር ትዞራለች። ባሌ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይስቃል፤ ልጄም ሳታውቀው ክንዱን ይዛዋለች። ከዚያ ጥንቸሉ ወደ አሮጌው አጥር ሮጠ። እሾሃማ ሽቦ ነው፣ ሣር በቅሎበት ከሩቅ አይለይም። ሽማግሌው «ኖ፣ ኖ፣ ኖ» ማለት ጀመረ። ባሌ ባወጣላት ስም ጮኸ። ልጄ ባወጣችላት ስም ጮኸች። እኔም «አንቺ! አንቺ!» አልኩ። እነዚህ ውሾች ካዩ አይሰሙም። ጥንቸሉ በሥር አለፈ። እሷ አልቆመችም።

ስንደርስ ደረቷ ከትከሻዋ እስከ ሆዷ ተከፍቷል፣ ቆዳው እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ድምፅ አላሰማችም። አሁንም አንገቷን አቅንታ ጥንቸሉ የሄደበትን ታያለች።

ልጄ ሻርፗን አውልቃ ቁስሉ ላይ ደፈነችው። «ዳድ፣ እዚህ ያዝ። ሃርደር። እጅህን አታንሳ።»

ያዘ። ከጋራዡ በር ወዲህ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው።

እኔ ነዳሁ። በየዕለቱ የሰው ልጅ ጭኜ ስነዳ ከተፈቀደው ፍጥነት አልፌ አላውቅም፤ ያን ቀን አለፍኩ። ልጄ ክሊኒኩን ኮል አድርጋ ተዘጋጅተው እንዲጠብቁ ነገረቻቸው። ቤልትዌይ፣ ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና ላይ፣ ስንገባ መኪናው ሁሉ ቆሟል፤ እስከ ድልድዩ ድረስ ቀይ መብራት ብቻ ይታያል። ማለፊያ የለም፣ መውጫም የለም። በመስታወት ሳያቸው ሁለቱም ኋላ ወንበር ላይ አጎንብሰው እጃቸው ቁስሏ ላይ ተደራርቧል።

«ትተነፍሳለች?» ይላል።

«ትተነፍሳለች።»

«አሁንስ?»

«አዎ፣ ዳድ።»

እኔ ደግሞ ከፊቴ ያለውን የጭነት መኪና እያየሁ እመቤቴ፣ እመቤቴ እላለሁ። ለውሻ እንዲህ ይጸለያል ወይ ብዬ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም።

ከሞት ተረፈች። ሐኪሙ ሰፋት፤ የትከሻዋ ጡንቻ ግን ስለተበጠሰ ከእንግዲህ አትሮጥም አለን፣ ለሜዳም ለጥንቸልም። ባሌ ኮሪደሩ ላይ ደም በነካው ጃኬቱ ቆሞ፣ ልጄን የሚያውቋት ሰዎች እየመጡ ሲያማክሯት፣ መርፌ ስታቀብል፣ ከሐኪሙ ጋር ስትነጋገር ያያል። አንድ ነገር ሊላት መስሎኝ ነበር። ወደ እሷ አንድ እርምጃ ሄደና «ምሳ አልበላሽም» አላት። እሷም «አልራበኝም» አለችው። ይኸው ነው።

ባሌ ከዚያ በኋላ እርሻው አልሄደም። አንዳንዴ በቀጥታ ለልጄ ይደውላል። ከጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ፤ ፋሻው ተቀየረ ወይ፣ ደረጃ ትወጣለች ወይ፣ ይላታል። መልሱን ሰምቶ «እሺ፣ ደህና ዋይ» ብሎ ይዘጋል። ሌላ ነገር አያነሳም፣ እሷም አታነሳም። አንድ ቀን «ስለ ትምህርቱ ያልካትን ነገር ለምን ይቅርታ አትላትም?» አልኩት። ቲቪውን እያየ «ተነጋግረናልኮ» አለኝ። ለእሷም ይህንኑ ስላት «ዊ ቶክ ናው፣ ማሚ። ተዪው» አለችኝ።

በፀደይ ልጄ ከእኛ የስድስት ሰዓት መንገድ የሚርቅ ከተማ የተሻለ ሥራ አግኝታ ልትሄድ ሆነ። ውሻዋንም ጠቅልላ ወሰደቻት፤ አዲሱ ቤቷ ደረጃ የለውም። አባቷ የውሻዋን ፍራሽ ተሸክሞ መኪናዋ ውስጥ አስገባላት፣ በሩንም ዘጋላት። ውሻዋ እያነከሰች ኋላ ወንበር ላይ ወጣችና በመስኮት ወደ እኔ አየች። «አንቺ» ልላት ፈልጌ ነበር። ብላት ልትወርድ ነው። ልጄን «ሂጂ በቃ» አልኳት።