የጋሽ ሙላት የቁም መጋዝ

ሰሞኑን ትምህርት ቤታችን አዲስ የመጻሕፍት መደርደሪያ ሲሠራለት የትኩስ ሰጋቱራ ሽታ ግቢውን ሞላው። ባለሁበት ቀረሁ። ደብረ ማርቆስ፣ ከቤታችን አጥር ማዶ የነበረው የአናጢው የጋሽ ሙላት ጠባብ ክፍል፣ ኮላ የደረቀበት ጣሳ፣ ጆሯቸው ላይ የተሰካው እርሳስ፣ ሁሉም ግር ብሎ መጣብኝ!

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጋሽ ሙላት ወገባቸውን ታመው ሐኪም ከባድ ነገር እንዳያነሱ ከልክሏቸዋል። ሙሉ የችፑድ ጣውላ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ መቁረጥ ደግሞ ለሁለት ጎረምሳም ያስቸግራል። ሉማሜ የሚኖረው ልጃቸው ዓለሙ "የሥራ ክፍሉን ይዝጉትና እኔ ዘንድ ይምጡ" እያለ ይጨቀጭቃቸዋል። እሳቸው ግን ምን አሰቡ መሰላችሁ? ችፑዱ ግድግዳ ተደግፎ ይቁም፣ መጋዙ ራሱ ከላይ ወደ ታች ይውረድ!

ከታች ችፑዱ የሚቆምበትን እንጨት በውሃ ልክ አስተካክለው ኩሽኔታ ደረደሩበት፤ በአንድ እጅ ሲገፉት ይንሸራተታል። ሁለት የውሃ ቧንቧ እንደ ሐዲድ አቁመው የኤሌክትሪክ መጋዛቸውን በመሀል እንዲወጣና እንዲወርድ አድርገው አሰሩ። እንዳይከብዳቸው ደግሞ መጋዙን በገመድ አስረው፣ ገመዱን በመዘውር አዙረው ሌላው ጫፉ ላይ አሸዋ የሞላ ባልዲ አንጠለጠሉበት። መጀመሪያ ቀን አሸዋው በዛና መጋዙ ሽቅብ ተፈተለከ።

"ኧረ ይሄማ ዐረገ!" ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ በጣሳ አሸዋ እየቀነስኩ ከሳቸው ብሼ ሳቅሁ።

ግን የቆረጠው ሁሉ ተንጋደደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ችፑድ ተበላሸ። ቅዳሜ ዓለሙ መጣ።

"አባዬ፣ በቃ። ነገ ዕቃውን ጭነን እንሄዳለን።"

ጋሽ ሙላት እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እኔ ግን አንድ ነገር አውቅ ነበር። ቧንቧዎቹን ያቆሙት የቤቱን የማዕዘን ምሰሶ እንደ መለኪያ እያዩ ነው፤ በገዛ እጃቸው ያቆሙት፣ ለመጣ ሁሉ እያሳዩ የሚመኩበት ምሰሶ። እኔ ደግሞ ጠዋት በቱንቢያቸው፣ ክር ጫፍ ላይ በታሰረችው ብረት፣ ስጫወት ክሩን ከምሰሶው አናት አንጠልጥዬ ነበር። ከታች ክሩ ከምሰሶው ሁለት ጣት ራቀ! ለትልቅ ሰው ይሄ እንዴት ይነገራል?

"ጋሼ... ምሰሶው ራሱ ጠማማ ነው።"

"አንቺ! ከመቼ ወዲህ ነው አናጢ የሆንሽው?" አለ ዓለሙ።

ጋሽ ሙላት ቱንቢውን ተቀበሉኝ፤ ሰቀሉት። ክሩ መወዛወዙን እስኪተው ጠበቁ። ከዚያ ቀስ ብለው ተንበረከኩና አዩ።

"ሃያ ዓመት ሙሉ የተመካሁበት!" አሉ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸው በራ። "በይ ነይ፣ ያዥልኝ!"

ቧንቧዎቹን ፈትተን በክሩ ልክ አቆምናቸው። መጋዙ እየጮኸ ወረደ፤ ሰጋቱራው ፀጉሬ ላይ ዘነበ። ሁለቱን ቁራጮች ጎን ለጎን ሲያቆሟቸው እኩል! ዓለሙ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ፤ ደግሞ ዳሰሰ።

"አባዬ፣ እኔ እንኳ መኪና እንዳያመልጠኝ" ብሎ ብቻውን ሄደ።

ጋሽ ሙላት ካቻምና እስኪያርፉ ድረስ እዚያው ሠሩ። ደንበኛ ሲመጣ "ስህተቴን ያገኘችልኝ ይህቺ ናት" እያሉ ያሳዩኝ ነበር፤ ስህተታቸውን እንደ ሽልማት ነበር የሚያወሩት።

ትናንት የሒሳብ መምህራችን ሰሌዳው ላይ የመቀነስ ምልክት ሳቱ። ሁሉም እንዳለ ወደ ደብተሩ ገለበጠው። እኔ ግን እጄን አወጣሁ። መምህሩ ሰሌዳውን አዩ፣ ፈገግ አሉና ጠመኔውን አቀበሉኝ።