የታጠበው ስፖንጅና የአማቱ ነጭ መኪና

መኪና ፖሊሽ የሚያደርገውን ሰውዬ ሰፈሩ ሁሉ «አቶ ይታጠባል» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። በማሽኑ ጫፍ ተለጥፎ የሚሽከረከረውን ክብ ስፖንጅ አይተው «አሁንስ አይጣልም?» ሲሉት፣ ቆጣ ብሎ «ይታጠባል!» ይላቸዋል። ሌላው ባለሙያ አንድ ሁለት መኪና ካሸበት በኋላ ይወረውረዋል። እሱ ግን መጣል የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ቀዩን ባሸበት ጥቁሩን፣ ጥቁሩን ባሸበት ብርማውን ያሽበታል። በመካከሉ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ያጥበዋል፣ በፎጣ ጠቅልሎ ይጨምቀዋል፣ ከዚያም ጓሮ ካለው የልብስ ገመድ ላይ ያንጠለጥለዋል። ሚስቱ የገዛ ቀሚሷን የምታሰጣበት ቦታ አጥታ ስትነጫነጭ፣ «ትንሽ ታገሺ፣ አልደረቁም» ይላታል።

«ቀለም ጉንፋን አይደለም፤ ከመኪና ወደ መኪና አይጋባም» ማለት ይወዳል። «የዛሬ መኪና ከቀለሙ በላይ እንደ መስታወት የጠራ ልባስ አለው። ማሽኑ የሚነካው እሱን ነው። ስፖንጁ ላይ ቀለም ካየህ ወይ መኪናው የጥንት ነው፣ ወይ የእኔ እጅ ከብዷል። የታጠበ ስፖንጅ ግን ማንንም አይበክልም።» ደረቱን ነፍቶ ነው ይህን የሚናገረው። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልክ ነው። በሃያ ዓመት አንድም መኪና አላበላሸም።

አገር ምድሩ ሲቀበለው ያልተቀበሉት አማቱ ብቻ ናቸው።

«ልጄን ስፖንጅ ለሚያጥብ ሰው ሰጠሁ!» ይላሉ፤ ምሳ በቀረበ ቁጥር። «የእኔ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገና እንደተጋባን ‹ሰማያዊ መኪና ደስ አይለኝም› ብዬ ባጉረመርም፣ ያንን ሸጦ… በሳምንቱ ነጭ ገዝቶ ከደጄ አቆመልኝ። ወንድ ማለት እሱ ነበር!» አቶ ይታጠባል ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል። «ሸጦ» ካሉ በኋላ ትንፋሽ እንደሚወስዱ፣ ያኔም እሱን እንደሚያዩት ሳይቀር ያውቃል። ያቺ እይታ እንደ እሾህ ትወጋዋለች። አርባ ዓመት የሞላውን ያንን ነጭ መኪና አንድ ቀን አሳምሮ፣ ከሟቹ እኩል እንኳ ባይሆን ከእግራቸው ሥር ቢቆም ምኞቱ ነበር። እሳቸው ግን በጣቱ እንኳ አላስነኩትም።

ዘንድሮ የመኪናው ነጭ ደብዝዞ እንደ ጠመኔ በእጅ መራገፍ ሲጀምር፣ አማቱ ሳይወዱ በግድ አስጠሩት።

«በአዲስ ስፖንጅ ነው የምትሠራው» አሉት ጣታቸውን ቀስረው።

«እሺ፣ እማማ።»

እሺ ማለት ምን ያስቸግራል? ቅዳሜ ጠዋት የመጣው በዚያው በታጠበው ነው። ከሁሉም ንጹሑን መርጧል፤ ትናንት ሰማያዊ ፒክአፕ ያሸበትን። አማቱ ሻያቸውን ይዘው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ፣ እሱም ማሽኑን አስነሳ። ጣሪያው አማረ፣ በሮቹ አማሩ። የፊት ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ነገር ታየው። የሳንቲም ያህል ሰማያዊ።

ስፖንጁን ገልብጦ አየው፤ እሱም ሰማያዊ ነክቶታል። «አለቀልኝ» አለ በሆዱ፣ «ሃያ ዓመት ያላበላሸሁትን ዛሬ፣ በእሳቸው መኪና!» በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው፣ አልለቀቀም። በነዳጅ ሞከረው፣ ወይ ፍንክች። ግራ ቢገባው ማሽኑንም ስፖንጁንም አስቀመጠና፣ ስፖንጁ ያልደረሰበትን የበሩን ማጠፊያ ጥግ አዲስ ጨርቅ በጣቱ ጠቅልሎ አሸት አሸት አደረገው። ጨርቁ መጀመሪያ ነጭ ያዘ። ቀጥሎ ሰማያዊ።

ሰማያዊው ከስፖንጁ አልመጣም ማለት ነው። ከነጩ ሥር ነው ያለው። አልተሸጠም፤ አልተገዛምም። ሟቹ ያንኑ ሰማያዊ መኪና ነጭ ቀብተው ነው ከደጅ ያቆሙት!

አቶ ይታጠባል ሳቁ አፈነው። ስንት ዓመት የተወቀጠበት ዘነዘና አሁን በእጁ ገባ። ቀና ብሎ ሊጣራ ሲል ግን አማቱን አያቸው። ሻያቸውን ረስተው ያማረውን ጣሪያ ያያሉ፤ ፊታቸው የሙሽራ ፊት ሆኗል። ሆዱ ባባ። ሳቁን ዋጠው።

አማቱ ወጥተው አጠገቡ ቆሙ። «ይሄ ሰማያዊ ምንድን ነው?»

«ስፖንጁ ነው፣ እማማ። አዲስ አልገዛሁም። ትናንት ሰማያዊ ፒክአፕ አሽቼበት ነበር…» ቀጣዩን ቃል፣ ሚስቱን እንኳ ጠይቋት የማያውቀውን ይቅርታ ይመስል፣ በግድ አወጣው። «በደንብ አላጠብኩትም።»

አማቱ ስፖንጁን ከእጁ ተቀብለው ወደ ጓሮ ሄዱ። አቶ ይታጠባል ቆሻሻ ውስጥ ሲጥሉት ታየው።

ቆየት ብለው ጠሩት። ስፖንጁ ታጥቦ፣ ከነጠላቸው ጎን ገመዱ ላይ ተሰጥቷል።

«አርባ ዓመት ሙሉ፣ ማደያ ላይ የመኪናው የነዳጅ ክዳን በተከፈተ ቁጥር፣ ከውስጥ ምን ዓይነት ቀለም ሳይ የኖርኩ ይመስልሃል?» አሉት።

«ታዲያ… ለምን ዝም አሉ?»

«ሌላ መግዣ አልነበረውም። የለኝም ለማለት አፍሮ፣ ቀብቶ አመጣልኝ። እኔም ገዛልኝ ብዬ ተቀበልኩት። ውሎ ሲያድር ደግሞ ታሪኩን ማውራቱን ለመድኩት።» ስፖንጁን በመዳፋቸው ጠፍጠፍ አደረጉት። «አንተም እንደሱ ነህ፤ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል።»

ሰማያዊዋን ነጥብ ሳይነካት ሥራውን ጨረሰ። እሳቸውም ቀባልኝ አላሉትም።

በሳምንቱ ምሳ ቀረበና አማቱ እንደ ልማዳቸው ጀመሩ። ሰማያዊው ደስ እንዳላላቸው፣ ማጉረምረማቸውን፣ ሁሉንም ተናገሩ። «…ያንን ሸጦ…» አሉና ትንፋሽ ወሰዱ። አማቹንም አዩት።

«በሳምንቱ ነጭ ገዝተው ከደጅዎ አቆሙልዎ» አለ አቶ ይታጠባል። ጆሮው ቀላ።