የስርጉት በርጩማ

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ልጅ ከወለድሁ በኋላ ነው፤ ደብዳቤ እንኳ ሲሆን ሰው ነው የማስጽፈው። እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ የእኔ ቢጤ ሥራ እንዳልሆነ አላጣሁትም። ግን የጎረቤቴን የደረበን ልጅ፣ የስርጉትን ነገር፣ ሁሉም እያጣመመ ሲያወራው ሰማሁና እንደሆነው ላስቀምጠው ብየ ነው። ስሕተቱን እለፉልኝ።

ስርጉት እዚህ ቆላ ከተማችን ሸሕዲ ተወልዳ ሸሕዲ ያደገች ናት። አባቷ ሰሊጥና ማሽላ ያርሳል። ገና ቁመቷ ከሰሊጡ ሳይበልጥ ጀምሮ፣ በየዓመቱ መስከረም አልቆ ጥቅምት እስኪጋመስ ትምህርት ቤት አትታይም። በእኛ አገር ይኸ ነውር አይደለም። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ዛሬ ያላጨዱት ነገ አፉን ከፍቶ ፍሬውን ለመሬት ያስረክባል። ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ከጎጃም ከወሎ መጥተው ቢያግዙም፣ ጎንበስ ማለት የሚችል የቤት ሰው ሁሉ ማሳ ይወርዳል። አስተማሪዎቹም ይህን አውቀው የዘገየውን ይጠብቁት ነበር።

አምና አሥረኛን ጨረሰች። አሥራ አንደኛ ላይ ተማሪ ለሁለት ይከፈላል፤ ወይ ናቹራል ወይ ሶሻል። የገቡበት ነገር እስከ ማትሪክ ይከተላል፤ ከሶሻል ተነስቶ ዩኒቨርሲቲ ጤና ልማር ቢሉ በሩ ዝግ ነው። ስርጉት ደግሞ አዋላጅ ካልሆንሁ ብላለች። ለምን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጥሩአየሁ የምትባል የአረም ሠራተኛ በነሐሴ ዝናብ እማሳው ላይ ምጥ ያዛት። ትራክተሩን ጭቃ ውጦ አላስኬድ አለ፤ ሐኪም ቤት ሳትደርስ ቀረች። እስከ መጨረሻው እጇን ይዛ የነበረችው ስርጉት ናት። ከዚያ ወዲህ ባዮሎጂ ስታነብ የሚጠራትን አትሰማም።

ታዲያ ዘንድሮ የመጨረሻውን ነዶ አስረው፣ ሂላውን፣ የነዶውን ክምር፣ እንዲደርቅ አቁመው ሲመለሱ፣ ክፍፍሉ አልቆ ቆያቸው። ስርጉት ሶሻል ተደርጋለች።

ደረበ ኮፍያውን አውልቆ፣ ልጁን አስከትሎ ቢሮ ገባ። ተማሪ የሚመድበው ዩኒት ሊደር፣ መምህር አገኘሁ፣ ክፉ ሰው አይደለም። የናቹራሉ ክፍል አንድ ብቻ መሆኑን፣ ቀድመው በመጡት መሙላቱን፣ ያልመጣው ሁሉ ሶሻል መግባቱን ረጋ ብሎ አስረዳ። ሶሻልም ቢሆን ዩኒቨርሲቲ ያስገባል አለ። ፊዚክስ ስንቱን ጎበዝ እንደጣለ፣ እሷ ሶሻል ብትሆን ነጥብ እንደማያንሳት ጨመረበት።

ደረበ ወደ ልጁ ዞረ። ዋናው ማለፉ ነው እንግዲህ፣ ተቀበይው ልጄ ብሎ መከራት።

ስርጉት እጇን እያየች ነበር። የሰሊጡ ጥቁር እድፍ ገና አልለቀቀውም። ቀና አለች።

«ቲቸር፣ በማልፈልገው በር ከማልፍ፣ በምፈልገው ብወድቅ ይሻለኛል።»

«ወንበር የለማ፣ ስርጉት» አለ መምህሩ። «ወይ ከቤትሽ ተሸክመሽ ነይ።»

ቢሮ ውስጥ የነበሩት አስተማሪዎች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«ይዠ እመጣለሁ» አለች።

ደረበ መንገድ ላይ ቀልዱን እኮ ነው ቢላት፣ እሷ ግን አልቀለደችም። «አባየ፣ ሰሊጡን ጥለነው ብንመጣ ምን ልንበላ ነበር? አጭደን ነው የዘገየነው፤ ተኝተን አይደለም። እሽ አልልም።»

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ሰፈር ገባ። አንዳንዱ ልጅቱ ጠገበች አለ። ታንጉት የምትባለው ጎረቤታችን ደግሞ ይቺስ ባል ነው የሚያሻት ብላ ነገሩን ልትቋጨው ነበር።  ደረበ ደጁ ላይ፣ ማሳም ቤትም በማትለየው በጠፍር በተወጠረች በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጀምበር ሳትጠልቅ ተነስቶ በርጩማዋን ገለበጣት፤ የላላውን ጠፍር ጠበቅ፣ ጠበቅ አደረገና በሩ ሥር አስቀመጣት። ልጅቱ አየችው። 

በነጋታው ስርጉት በርጩማዋን በራሷ ላይ ተሸክማ በዋናው መንገድ ሄደች። አንዱ ባለባጃጅ ቀስ ብሎ ተጠጋትና «ገበያ ነው? ስንት ትያለሽ?» አላት።

«አልሸጣትም፤ ልቀመጥባት ነው» አለችው፤ አልቆመችም።

ደወል ሳይደወል ናቹራል ክፍል ገባች፤ ከመጨረሻው ወንበር ጎን፣ መስኮቱ ሥር በርጩማዋን አስቀመጠች። ተማሪዎቹ ተንሾካሾኩ። የፊዚክስ አስተማሪው ሲገባ ሁሉም ተነሳ፤ እሷም ተነሳች። እንደ ወትሮው ጠመኔውን እያነሳ፣ ዞር ሳይል ተቀመጡ አለ።

ተቀመጠች።